ግራፊክስ ካርድ ለሊኑክስ፦ ዋጋውን ለዓመታት አካፍሉት

2017 ላይ ሁለት ሰዎች ካርድ ገዙ እንበል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) አንደኛው 699 ዶላር ከፍሎ የኢንቪዲያን ጂቲኤክስ 1080 ቲአይ ወሰደ። ሁለተኛው 229 ዶላር ከፍሎ የኤኤምዲን አርኤክስ 580 ባለ 8 ጊጋ ወሰደ። በፍጥነት የሚገናኙ አይደሉም። ውድየው ወደ እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ይበልጠዋል።

አሁን ሁለቱም ሰዎች ሊኑክስ ላይ ናቸው። የ699 ዶላሩ ካርድ 580 በሚባለው የድራይቨር (ካርዱን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር) ቅርንጫፍ ላይ ቆሟል። ቀጥሎ የመጣው 590 አያውቀውም። የ229 ዶላሩ ግን ሜሳ በተባለው ክፍት የግራፊክስ ድራይቨር ስብስብ አዳዲስ እትሞች ውስጥ ዛሬም አለ። የቁጥሮቹ መመሳሰል አጋጣሚ ነው፤ 580 የተባለው ካርድ ይኖራል፣ 580 የተባለው ድራይቨር ደግሞ የሌላኛው መጨረሻ ሆነ።

ኢንቪዲያን ለመኮነን አይደለም። ስምንት ዓመት መደገፍ ትንሽ ነገር አይደለም። ኤኤምዲም ቢሆን ዊንዶውስ ላይ አርኤክስ 580ን በ2023 ከዋናው ድራይቨር አውጥቶ አልፎ አልፎ ብቻ የሚነካ ቅርንጫፍ ውስጥ አስገብቶታል። ያው ካርድ፣ ያው ኩባንያ፣ ግን ሊኑክስ ላይ ሌላ ዕጣ ገጠመው። ልዩነቱ የኩባንያ ደግነት አይደለም። ኮዱ ክፍት ስለሆነ አምራቹ ሲሰለች ሌላ ሰው ይቀጥልበታል። እኔ ካርድ ስመርጥ ዋጋውን ለፍሬም ብዛት ብቻ ሳይሆን ለሚያገለግልባቸው ዓመታት የማካፍለው ለዚህ ነው።

## የምመዝንባቸው ነገሮች

ከሁሉ በፊት፣ ድራይቨሩን ማን ሊጠግነው ይችላል? መልሱ «አምራቹ ብቻ» ከሆነ የካርዱ ዕድሜ በአምራቹ እጅ ነው።

ቀጥሎ ሜሞሪ። ፍጥነት ሲያንስ ጥራቱን ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ትገላገላላችሁ። ሜሞሪ ሲያልቅ ግን ጌሙ መቆራረጥ ይጀምራል፣ የግድግዳው ምስል እየደበዘዘ ይመጣል፣ ወይም ጭራሽ ይዘጋል። 8 ጊጋ ዛሬ ያስኬዳል። ለአምስት ዓመት ብላችሁ ለምትገዙት አዲስ ካርድ ግን ጠባብ ነው።

ሦስተኛው ዋጋ ነው። እዚህ የምጠቀመው አምራቾቹ ካርዱን ሲያስተዋውቁ የጠሩትን የዶላር ዋጋ ነው። ገበያ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ለማወዳደሪያ ግን ይሆናል።

ከዚያ ዋትና ልክ። ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። እኔም ረስቼው አውቃለሁ። አንድ ጊዜ በቅናሽ ያገኘሁት ካርድ ከሳጥኔ በሁለት ጣት ረዝሞ፣ የሃርድ ዲስክ መያዣውን ነቃቅዬ ነው ያስገባሁት። ጥፋቱ የኔ እንጂ የማንም አይደለም፤ ሜትር ነበረኝ።

የመጨረሻው ልዩ ሥራ ነው። ኩዳ (በኢንቪዲያ ካርድ ስሌት ማሠሪያ፣ የኢንቪዲያ የራሱ) የግድ የሚል ፕሮግራም፣ የቪዲዮ ኤዲቲንግ፣ ትልቅ ቲቪ ላይ መጫወት። እነዚህ አንዳንዴ ቀሪውን ሚዛን በሙሉ ይገለብጡታል።

## «ክፍት ነው» ሲባል የትኛው ፎቅ?

ድራይቨር አንድ ፋይል አይደለም። እንደ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት አስቡት።

ምድር ቤቱ ፈርምዌር ነው፤ ካርዱ ሲነሳ ቺፑ ላይ የሚጫን ትንሽ ፕሮግራም። ይሄ በሦስቱም ኩባንያዎች ዝግ ነው። «አንድም ዝግ ኮድ ኮምፒውተሬ ውስጥ አይገባም» የምትሉ ከሆነ ቁርጡን ልንገራችሁ፦ በዚህ ጽሑፍ ካሉት ካርዶች የሚሆናችሁ የለም።

መካከለኛው ፎቅ የከርነል፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ ድራይቨር ነው። ሜሞሪ ያከፋፍላል፣ ስክሪን ያበራል፣ የካርዱን ፍጥነትና ሙቀት ይቆጣጠራል።

ላይኛው ፎቅ ጌሙ «ይሄን ሳል» ሲል ትዕዛዙን ወደ ካርዱ ቋንቋ የሚተረጉመው ነው። ጌሞች ካርዱን የሚያዙባቸው መንገዶች፣ የቩልካንና የኦፕንጂኤል ሥራ ያለው እዚህ ነው። ትልቁ ድካምም፣ ትልቁ የፍጥነት ልዩነትም እዚህ ነው ያለው። በክፍት ኮዱ ዓለም የዚህ ፎቅ ስም ሜሳ ነው።

ስለዚህ «እገሌም ኮዱን ከፈተ» የሚል ወሬ ስትሰሙ «የትኛውን ፎቅ?» በሉ።

## ኤኤምዲ

ኤኤምዲጂፒዩ የተባለው የከርነል ድራይቨር ሊኑክስ 4.2 ላይ በ2015 ገባ። ካርዱን ትሰካላችሁ፣ ኮምፒውተሩን ታስነሳላችሁ፣ አለቀ። የምታወርዱት ነገር የለም።

የላይኛው ፎቅ ታሪክ ደግሞ ገራሚ ነው። ዛሬ የኤኤምዲን ካርዶች በቩልካን የሚያስኬደው ራድቪ በኤኤምዲ አልተጀመረም። በ2016 ዴቭ ኤርሊ እና ባስ ኒውወንሃውዘን የተባሉ ገንቢዎች ናቸው የጀመሩት። ከዚያ የስቲም ባለቤት የሆነው ቫልቭ ገንዘብና ሰው ጨመረበት። ቫልቭ በ2019 ኤሲኦ የተባለውን ኮምፓይለር አመጣ። ጌም ውስጥ አዲስ ክፍል ስትገቡ ለቅጽበት ደርቆ የሚለቀውን ነገር ታውቁታላችሁ? የዚያ አንዱ ምክንያት ሼደር (ካርዱ ምስል ለመሳል የሚያስኬደው ትንሽ ፕሮግራም) እስኪተረጎም መጠበቅ ነው። ኤሲኦ ትርጉሙን አፈጠነው። ልብ በሉ፤ ይሄ የተሸጠ ካርድ ላይ፣ ከተገዛ በኋላ፣ በነፃ የመጣ ፍጥነት ነው። ኤኤምዲ የራሱን ኤኤምዲቪኤልኬ የተባለ የቩልካን ድራይቨር በ2025 አቁሞ ፊቱን ወደ ራድቪ አዙሯል። ባለቤቱ ወደ ጎረቤቱ ቤት ገባ እንደማለት ነው።

እንከን የለውም ማለት ግን አይደለም።

አንዱ ኤችዲኤምአይ 2.1 ነው። ኤኤምዲ ይህን በክፍት ድራይቨሩ ውስጥ ለማስገባት ሠርቶ ነበር። የመስፈርቱ ባለቤት የሆነው የኤችዲኤምአይ ፎረም ግን በ2024 አልፈቅድም አለ። ካርዱ ይችላል፣ ኬብሉ ይችላል፣ ቲቪው ይችላል፤ ወረቀቱ ከለከለ። ዲስፕሌይፖርት ያለው ሞኒተር ካላችሁ ይሄ ጣጣ አይነካችሁም። 4ኬ በ120 ኸርዝ፣ በሙሉ ቀለም፣ ኤችዲኤምአይ ብቻ ባለው ቲቪ ላይ ለምትሉ ግን ከመግዛታችሁ በፊት በደንብ የምታስቡበት ነገር ነው።

ሌላው አዲስ ካርድ አዲስ ሶፍትዌር መፈለጉ ነው። የመጀመሪያዎቹ የአርኤክስ 9000 ካርዶች በመጋቢት 2025 ሲወጡ ብዙ የተረጋጉ ዲስትሮዎች (እንደ ኡቡንቱ ያሉ የሊኑክስ ዓይነቶች) ገና የድሮ ከርነልና የድሮ ሜሳ ላይ ነበሩ። ድራይቨሩ ከርነል ውስጥ መሆኑ በረከት ነው፤ ከርነላችሁ የሁለት ዓመት ሲሆን ግን ያው በረከት ዕዳ ይሆናል። ለእነዚህ ካርዶች ሜሳ 25.0ን እንደ መነሻ ውሰዱ።

ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ ሮክኤም አለ። እሱም በአብዛኛው ክፍት ነው። ችግሩ በይፋ የሚደግፋቸው ካርዶች ዝርዝር አጭር መሆኑ ነው። ካርዱን ከመግዛታችሁ በፊት ስሙ እዚያ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ።

## ኢንቴል

በክፍትነት ከኤኤምዲ አያንስም። ከርነሉም ክፍት፣ የሜሳ ድራይቨሩም ክፍት፣ ቪዲዮ የሚፈታውና የሚያምቀው ክፍልም ክፍት ነው። ኤክስኢ የተባለው አዲሱ የከርነል ድራይቨር ሊኑክስ 6.8 ላይ ገባ። የቢ580 ትውልድ ያለ ተጨማሪ ጣጣ መሥራት የጀመረው ከ6.12 ወዲህ ነው።

አርክ ቢ580 በ249 ዶላር 12 ጊጋ ይዞ መጣ። ሲወጣ በዚያ የማስጀመሪያ ዋጋ ይህን ያህል ሜሞሪ የሚሰጥ ሌላ አዲስ ካርድ አልነበረም። ግን ሦስት «ግን» አለው።

ማዘርቦርዳችሁ ሪሳይዘብል ባር የሚባለውን ነገር ካላወቀ አትግዙት። ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሜሞሪ በሙሉ በአንድ ጊዜ እንዲያይ የሚያደርግ ቅንብር ነው። ያለ እሱ አርክ ካርድ ፍጥነቱ ይሰበራል። ሁለተኛ፣ ድራይቨሩ ፕሮሰሰሩን ያደክማል። ሙከራዎቹ የሚሠሩት ብዙ ጊዜ ምርጥ ፕሮሰሰር ላይ ነው። የስድስትና የሰባት ዓመት ፕሮሰሰር ላይ ብትሰኩት ያነበባችሁትን ቁጥር አታገኙትም። የሚያስቀው፣ ርካሽ ካርድ የሚፈልገው ብዙውን ጊዜ አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ሰው መሆኑ ነው። ሦስተኛ፣ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥም ዋት ይበላል። በባዮስ ውስጥ የፒሲአይ ኃይል ቁጠባውን ካልከፈታችሁለት አይተኛም።

ኢንቴል በ2025 ብዙ ሠራተኛ ቀንሷል፤ ክሊር ሊኑክስ የተባለውን የራሱን ዲስትሮም ዘግቷል። ይሄ ያሳስባል፣ አልዋሽም። ቢሆንም ኮዱ ከርነልና ሜሳ ውስጥ ነው። ሰዎቹ ቢሄዱም ኮዱ ይቀራል።

## ኢንቪዲያ

እዚህ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ኢንቪዲያ በግንቦት 2022 የከርነል ድራይቨሩን ኮድ ለቀቀ። ይሄ መካከለኛው ፎቅ ነው። ከ2018ቱ የቱሪንግ ትውልድ ጀምሮ ላሉት ካርዶች ይሠራል። ከ560 ቅርንጫፍ ጀምሮ ለእነዚህ ካርዶች ቀዳሚ ምርጫው ሆኗል። የአርቲኤክስ 5000 ካርዶች ጭራሽ በዚህ ክፍት ሞጁል ካልሆነ አይሠሩም። ጥሩ እርምጃ ነው። ሆኖም ላይኛው ፎቅ፣ ትልቁ ሥራ ያለበት፣ እስከ ዛሬ ዝግ ነው። ከመካከለኛው ፎቅም ብዙው ሥራ ካርዱ ላይ ወዳለው ዝግ ፈርምዌር ወርዷል።

ሌላም ነገር አለ። ይሄ ሞጁል ክፍት ቢሆንም በዋናው ከርነል ውስጥ የለም። ከውጭ ነው የሚሰካው። ከርነላችሁ አፕዴት ሲሆን ሞጁሉም አብሮ እንደ አዲስ መገንባት አለበት። ግንባታው ከከሸፈ፣ ወይም ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ኮድ እንዳይጫን የሚከለክል ቅንብር) በርቶ ሞጁሉ ካልተፈረመ፣ ጠዋት ኮምፒውተሩን ስታስነሱ የሚጠብቃችሁ ጥቁር ስክሪን ነው። ከዚያ ወደ ጽሑፍ ተርሚናል ገብቶ መጠገን። አንዳንድ ዲስትሮዎች፣ ለምሳሌ ኡቡንቱ፣ ተገንብቶና ተፈርሞ ያለቀ ሞጁል ስለሚያቀርቡ ነገሩ በጣም ይቀላል።

በሌላ በኩል ደግሞ እውነተኛ ጥንካሬ አለ። ኩዳ የሚሉ ፕሮግራሞች እዚህ ብቻ ነው ያለ ልፋት የሚሠሩት። ሬይ ትሬሲንግ (ብርሃንን እንደ እውኑ የማስላት ዘዴ) ጠንካራ ነው። ኤችዲኤምአይ 2.1 ይሠራል። ዌይላንድ በተባለው አዲሱ የስክሪን ማሳያ ሥርዓት ላይ የነበረው ብልጭታም በ2024 ከ555 ድራይቨር ጋር በአብዛኛው ተቀርፏል። ፋየርፎክስ ላይ ቪዲዮ በካርዱ እንዲፈታ ግን አሁንም ሌላ አገናኝ ፓኬጅ መጫን ይጠይቃል። በዊንዶውስ ዳይሬክትኤክስ 12 ጌሞችም ከዊንዶውስ ይልቅ ሊኑክስ ላይ ቀስ ይላል።

ሙሉ በሙሉ ክፍት የሆነው መንገድስ? ኑቮ የተባለው የከርነል ድራይቨር በ2005 አካባቢ የተጀመረ፣ ካርዱን ከውጭ እያዩ፣ እየገመቱ የተጻፈ ነው። 2014 ላይ፣ ከጂቲኤክስ 900 ካርዶች ጋር፣ ኢንቪዲያ በፊርማ የተቆለፈ ፈርምዌር አመጣ። ኑቮ ከዚያ ወዲያ የካርዱን ፍጥነት ከፍ ማድረግ አልቻለም። ካርዱ ሲነሳ ባለበት ዝቅተኛ ማርሽ ላይ ይቀራል። ከቱሪንግ ወዲህ ያሉት ጂኤስፒ የተባለ፣ የካርዱን ፍጥነት ራሱ የሚያስተዳድር ክፍል ስላላቸው ችግሩ ተፈታላቸው፤ ሊኑክስ 6.7 ላይ በጥር 2024 ነገሩ ነፍስ ዘራ። በላዩ ላይ ኤንቪኬ የተባለው የሜሳ የቩልካን ድራይቨር አለ። በፌዝ ኤክስትራንድ መሪነት የተሠራ ነው። በየእትሙ ይሻሻላል፣ በፍጥነት ግን ዝግ ድራይቨሩን ገና አልደረሰበትም። ኖቫ የተባለ፣ ረስት በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚጻፍ አዲስ የከርነል ድራይቨርም ከሊኑክስ 6.15 ጀምሮ እግሩን አስገብቷል፤ ገና ዳዴ እያለ ነው።

አሁን የጂቲኤክስ 900 እና 1000 ካርዶችን ዕጣ ተመልከቱ። ዝግ ድራይቨሩ 580 ላይ ተሰናበታቸው። ክፍት ድራይቨሩ ማርሽ መቀየር አይችልላቸውም። ጂኤስፒም የላቸውም። ከሁለት ያጣ ማለት ይሄ ነው።

## በአንድ ዓይን

| ካርድ | ሜሞሪ (ጊጋ) | የማስጀመሪያ ዋጋ (ዶላር) | ዶላር ለአንድ ጊጋ | ዋት | ክፍት ድራይቨር |
|---|---|---|---|---|---|
| አርክ ቢ580 | 12 | 249 | 21 | 190 | ከርነልም ሜሳም |
| አርኤክስ 9060 ኤክስቲ | 16 | 349 | 22 | 160 | ከርነልም ሜሳም |
| አርኤክስ 9070 | 16 | 549 | 34 | 220 | ከርነልም ሜሳም |
| አርኤክስ 9070 ኤክስቲ | 16 | 599 | 37 | 304 | ከርነልም ሜሳም |
| አርቲኤክስ 5060 | 8 | 299 | 37 | 145 | ከርነል ብቻ፤ ኤንቪኬ ገና |
| አርቲኤክስ 5060 ቲአይ | 16 | 429 | 27 | 180 | ከርነል ብቻ፤ ኤንቪኬ ገና |
| አርቲኤክስ 5070 | 12 | 549 | 46 | 250 | ከርነል ብቻ፤ ኤንቪኬ ገና |

አርኤክስ 9060 ኤክስቲም አርቲኤክስ 5060 ቲአይም ባለ 8 ጊጋ መንትያ አላቸው። ስማቸው አንድ ነው፤ ካርቶኑ ላይ ቁጥሩን ሳታዩ አትክፈሉ። አንድ ዓይነት ስም ለሁለት የተለያየ ዕቃ መስጠት ለኔ ማጭበርበር ነው የሚመስለኝ።

## ለማን የቱ?

ጌም የማትጫወቱ፣ ድረ ገጽና ፊልም ብቻ የምታዩ ከሆነ ምንም አትግዙ። ፕሮሰሰራችሁ ውስጥ ያለው የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ግራፊክስ ይበቃል፤ የሚሠራውም በዚያው ክፍት ድራይቨር ነው።

ኪሳችሁ ጠበብ ካለ ያገለገለ አርኤክስ 6600 ፈልጉ። 8 ጊጋ ነው፣ 132 ዋት ብቻ ይበላል፣ ድራይቨሩ በስሏል። ለጠባብ በጀት እኔ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ኮምፒውተራችሁ አዲስ ከሆነና አዲስ ካርድ ካማራችሁ ቢ580።

መካከለኛ በጀት ላለው ሰው ብዙ አላመነታም፤ አርኤክስ 9060 ኤክስቲ ባለ 16 ጊጋ። 5060 ቲአይ በአንዳንድ ጌም ትንሽ ይቀድመዋል። 80 ዶላር ጨምራችሁ፣ የላይኛውን ፎቅ ቁልፍ ለሌላ ሰው ሰጥታችሁ የምታገኙት ያንን ትንሽ ነው።

ከፍ ሲል ምርጫው በሁለቱ 9070ዎች መካከል ነው። የ50 ዶላሩ ልዩነት ኤክስቲውን ያስመርጣል፣ የ84 ዋቱ ልዩነት ደግሞ ተራውን። ፓወር ሳፕላያችሁ ደከም ያለ ከሆነ፣ ወይም የማቀዝቀዣ ፋን ጩኸት የምትጠሉ ከሆነ ተራው ይሻላችኋል።

ኩዳ የግድ የሚላችሁ ከሆነ ከራሳችሁ ጋር አትጣሉ፤ ኢንቪዲያ ግዙ። 5060 ቲአይ ባለ 16 ጊጋ፣ ወይም ያገለገለ አርቲኤክስ 3060 ባለ 12። ነገር ግን መጀመሪያ «የግድ» መሆኑን አጣሩ። የቋንቋ ሞዴል ቤታችሁ ማስኬድ ብቻ ከሆነ ዓላማችሁ፣ ላማ ሲፒፒ የተባለው ፕሮግራም በቩልካን ስለሚሠራ የኤኤምዲም የኢንቴልም ካርድ ይሆናል።

ሥራችሁ ቪዲዮ ማመቅ ከሆነ ትንሹን አርክ ኤ380 እዩት። 75 ዋት ብቻ ነው፣ ኤቪ1 የተባለውን የቪዲዮ ቅርጸት ያምቃል። ፌዶራ ተጠቃሚዎች ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ዲስትሮው በፓተንት ምክንያት ከ2022 ጀምሮ ኤች264 እና ኤች265ን ከሜሳው ስላወጣቸው፣ የኤኤምዲ ካርድ ያለው ሰው ሌላ ፓኬጅ መጨመር አለበት።

በነገራችን ላይ፣ የምትወዱት የኦንላይን ጌም ፀረ ማጭበርበሪያው ሊኑክስን የሚከለክል ከሆነ የትኛውም ካርድ አያድናችሁም።

## ያገለገለ ስትገዙ

በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለዚህ ገበያ ነው። ጂቲኤክስ 1070 እና 1080 በጣም ረክሰው ታያላችሁ። ለዊንዶውስ ይሁኑ፤ ለሊኑክስ ግን ምክንያቱን ከላይ አይታችኋል። አርኤክስ 6500 ኤክስቲም ዋጋው ያጓጓል። 4 ጊጋ ብቻ ነው፣ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በአራት መስመር ብቻ ነው፣ ቪዲዮ ማመቅም አይችልም። አርኤክስ 580 ከሆነ የምትገዙት «2048ኤስፒ» የሚል ጭራ እንዳለው እዩ። ካለው ስሙ 580 ቢሆንም ልቡ 570 ነው። እውነተኛው 580 የሼደር ክፍሎቹ 2304 ናቸው።

ሻጩ ጋ ስትሄዱ ቀጥታ የሚነሳ ሊኑክስ ያለበት ፍላሽ ያዙ። ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝተው ሲያሳዩአችሁ በፍላሹ አስነሱት። የኤኤምዲና የኢንቴል ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ ስላለ በሁለት ደቂቃ ውስጥ እውነቱን ታያላችሁ። የሲስተም መረጃ ገጹን ክፈቱና ግራፊክስ የሚለውን መስመር አንብቡ። የካርዱ ስም ከወጣ ጥሩ። «ኤልኤልቪኤምፓይፕ» የሚል ቃል ካያችሁ ግን ካርዱ እየሳለ አይደለም፤ ምስሉን በሙሉ እየሳለ ያለው ፕሮሰሰሩ ነው። ወይ ፍላሻችሁ ላይ ያለው ከርነል ለካርዱ አሮጌ ነው፣ ወይ ካርዱ ችግር አለበት። የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ገንዘቡን ከኪሳችሁ አታውጡ።